ጋሼ ጥፍር እና የአስቴር ቀሚስ

ለሰው ፊሽካ አትስጡት። የግድ ከሆነ ጠመንጃ ስጡት፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢያንስ ጥይቴ ያልቅብኛል ብሎ ይሳሳል። ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ አያልቅም። የጥንት ሰዎች «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ወራጅ ውሃ አቁሜ አላውቅም፤ ወደ ቅርጫት የሚዘል ልጅ ግን አየር ላይ እንዳለ አስቁሜያለሁ፤ ያውም አፌ ውስጥ በምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ሰውን ያበላሻል። እኔንም ትንሽ ሳያበላሸኝ አልቀረም።

በደርግ ዘመን ነፋስ ስልክ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ደግሞ የየቀበሌውን ወጣቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር እዳኛለሁ። ዳኛ ስላችሁ ጥፋት ሲሠራ ብቻ የሚነፋ ሰው እንዳይመስላችሁ። የዳኛ ዋናው ሥራ ያለው ኳሱ ወደ ላይ ከመወርወሩ በፊት ነው፤ ልጆቹን አሰልፎ ከራስ ፀጉር እስከ ጫማ ክር መፈተሽ። ጉትቻ ይወልቃል። የፀጉር ሽቦ ይነቀላል። ቀለበት በሳሙናም ቢሆን ይወጣል። የማልያ ቁጥር ከአራት ይጀምራል፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስትን ዳኛው ነጥብና ቅጣት በጣቱ ስለሚያሳይባቸው ተጫዋች አይለብሳቸውም። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ለአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ለማስረዳት ስሞክር፣ «የእኛ ቀበሌ በሁሉም ነገር አንደኛ ሆኖ ሳለ ልጆቻችን እንዴት አንድ ቁጥር ይከለከላሉ? ይሄ የማን ሤራ ነው?» ብለው ላብ በላብ አድርገውኛል።

በተለይ በጥፍር አልደራደርም ነበር። የጥፍር መቁረጫ ከኪሴ አይጠፋም፤ ረዝሞ ያገኘሁትን እዚያው ሜዳው ዳር አስቆርጣለሁ። ልጆቹ በዚህ ምክንያት «ጋሼ ጥፍር» የሚል ስም አውጥተውልኝ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስሜን ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። አትሳቁ። እናንተም በአንድ ቸልታ የተቀደደ የልጅ ጆሮ ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ብትሮጡ ኖሮ ጋሼ ጥፍር ትሆኑ ነበር።

ከደንቦቹ ሁሉ ቀላሉና ማንም የማይከራከርበት ግን «የአንድ ቡድን ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ይልበሱ» የሚለው ነው። ዘመኑም አንድ ዓይነት ነገር የሚወድ ዘመን ነበር። ሹሙ ካኪ፣ የአብዮት ጥበቃው ካኪ፣ ወደ ስብሰባ የሚሄደው ካኪ፣ ከስብሰባ የሚመለሰውም ካኪ። ጭብጨባው ሳይቀር አንድ ዓይነት ነበር፤ ቀድሞ ያቆመ ሰው ወዮለት። እና ማን ይከራከራል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኛ ቀበሌ ሴቶች ከሳሪስ ሴቶች ጋር ሊጫወቱ መጡ። እንደ ልማዴ አሰለፍኳቸው። ቀይ ማልያ፣ ሰማያዊ ቁምጣ፤ ቀይ ማልያ፣ ሰማያዊ ቁምጣ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ስደርስ ቀይ ማልያና ከጉልበት በታች የወረደ ሰማያዊ ቀሚስ። አስቴር ነበረች። የቡድኑ ዓይን ማለት እሷ ናት፤ እጇ የነካውን ኳስ ቅርጫቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ የሚቀበልላት ልጅ። ልምምድ ላይ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስለሚመጡ ከመካከላቸው በዩኒፎርም ቀሚሷ የምትለማመድ አትጠፋም፤ ይህም የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ነበርና፣ ነገሩን እስከዚያች ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ቁምጣሽስ?» አልኳት።

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ከጎኗ የቆመችው የቡድኑ አምበል ዘይነባ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ «ታጥቦ አልደረቀም፣ ጋሼ» አለች። በዚያችው ቅጽበት ከወዲያኛው ጫፍ ሌላዋ «አይጥ በላው፣ ጋሼ» አለች። ታጥቦ ያልደረቀ ቁምጣ የምትበላ አይጥ በነፋስ ስልክ ታይታ አትታወቅም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና የአስቴር አባት ትዝ ሲሉኝ መልሼ ዘጋሁት።

አባቷ አቶ ሄራሞ ከወደ ሆሳዕና የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጤፍ ማሳው ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። የሰፈሩን ካኪ በሙሉ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። አይጠጡም፣ አይምሉም፤ «ለሐሙስ ይደርሳል» ካሉ ለሐሙስ ይደርሳል፤ በልብስ ሰፊ ታሪክ ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥር ይችላል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ በራቸው ተዘግቶ የስፌት መኪናቸው ይንቀረቀራል። አንድ እሑድ ሱሪዬን ልወስድ ሄጄ በመስኮቱ ስንጥቅ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ መኪናው ላይ ጨርቅ አልነበረም። አቶ ሄራሞ መርገጫውን በባዶው ይረግጣሉ፤ ከበስተኋላቸው ሰዎች ተሰብስበው በለሆሳስ ይዘምራሉ። የመኪናው ድምፅ መዝሙሩን ይሸፍናል።

ጴንጤ ነበሩ። ዛሬ ይህ ቃል እንደ ዋዛ ከአፍ ይወጣል፤ ያኔ ግን ቤት አሽጎ ሰው የሚያሳስር ቃል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። ክርስቲያኑም እስላሙም እሑድ ከሰዓት በዚያ በር ሲያልፍ «ምን ያለ ታታሪ ሰው ነው! በሰንበት እንኳ ይሠራል!» ብሎ እየተደነቀ ያልፋል።

ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የወጣቶች ማኅበር ኃላፊው ጓድ ሽፈራው ነው። እሱም እግሩን እየጎተተ ወደ ሰልፉ መጣ። «ጓድ ዳኛ፣ ምንድን ነው የሚያዘገያችሁ?» አለና አስቴርን አያት። «ይቺ ለምን ለብቻዋ ቀሚስ ለበሰች? አንቺ፣ ምክንያትሽን ተናገሪ!»

አስቴር ቀና አለች። እንደምትናገር ከፊቷ አወቅኩ። እዚያ ቤት ያደገች ልጅ መዋሸት አትችልም። «አባቴ ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብሎኝ ነው» ካለች አመሻሹ ላይ አቶ ሄራሞ ቀበሌ ናቸው፤ እሑድ የሚመጡት ሰዎችም በየተራ ይለቀማሉ። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁና ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ ፊሽካዬን ነፋሁ።

ጓድ ሽፈራው ጆሮውን ያዘ። እኔም ወደ ልጅቷ ዞሬ በተቻለኝ መጠን ክፉ መስዬ፣ «ደንቡ ምክንያት አይጠይቅም! ደንቡ የሚለው አንድ ዓይነት ሁኑ ነው። አምስት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ። አንድ ዓይነት ያልሆነች ትወጣለች!» አልኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ አስቴር ወጥታ ትቀመጣለች፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም፣ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ስትቀመጥ ልቤ እንደሚሰበር አውቄያለሁ፤ ግን አባት ከሚታሰር የልጅ ጨዋታ ይቅር አልኩ።

ዘይነባ ሐሳቤ የገባት አልመሰለኝም። ወይም ከእኔ ይልቅ ደንቡ በደንብ ገብቷት ይሆናል። ልጆቹን ሰብስባ ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ ሁሉም ከቁምጣቸው በላይ የትምህርት ቤት ቀሚሳቸውን ደርበዋል። ሰባት ቀይ ማልያ፣ ሰባት ሰማያዊ ቀሚስ። በሰልፉ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ተመላለስኩ። አንድ ዓይነት ናቸው። ፊቴን እንዳያዩብኝ ጥፍር የምፈትሽ መስዬ አጎነበስኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤ የድሩ ፈታይ ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅኩም።

የሳሪሱ አሠልጣኝ «ቀሚስ? ጓድ ዳኛ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለኝ። «አንድ ዓይነት ናቸው» አልኩት። ጓድ ሽፈራው አንዷን ምክንያት መጠየቅ ይችላል፤ ሰባቱም አንድ ላይ ያደረጉትን ግን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? እሱ ያልሰማው መመሪያ ወርዶ ቢሆንስ? አገጩን አሻሸና «ሁሉም ከሆኑማ…» ብሎ ሄዶ ተቀመጠ።

ጨዋታው የእግዜር ቁጣ ነበር። ሰፈሩ በከንቱ ነፋስ የሚል ስም አልወጣለትም። ልጆቹ በአንድ እጃቸው ኳስ እያነጠሩ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ይይዛሉ፤ ይወድቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ይቀደድባቸዋል። በቀሚስ መሮጥ የምታውቀው አስቴር ብቻ ነበረች፤ ነጥቡን ሁሉ ማለት ይቻላል ያገባችው እሷ ናት። በጥቂት ነጥብ ተሸነፉ። ዳኛ ነኝና ማን እንዲያሸንፍ እፈልግ እንደነበር አልነግራችሁም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ጓድ ሽፈራው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ፣ የሴት ወጣቶቻችን በቀሚስ መጫወት የሠርቶ አደሩን ጨዋነት ያንጸባረቀ አርአያነት ያለው ተግባር ነው አለ። ተጨበጨበ። ከዚያም «ከእንግዲህ ሁሉም የሴት ቡድኖች በቀሚስ ይጫወቱ፤ ጓድ ዳኛም ያስፈጽሙ» ተባለ። ይኸውም ተጨበጨበ። አስፈጸምኩ። ምን ላድርግ? በዚያ ሰሞን የልጆቻቸው ቀሚስ የተቀደደባቸው የሰፈሩ እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚመርቁኝ ምርቃት እስከ ዛሬ ይበቃኛል።

የተቀደዱት ቀሚሶች ደግሞ የት ሄዱ መሰላችሁ? ወደ አቶ ሄራሞ ነዋ! ስድስት ልጆች ተራ በተራ ቀሚስ ይዘው ሲመጡባቸው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ሁላችሁም በአንድ ቀን?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቤታቸው ውስጥ መዋሸት የማትችል አንዲት ልጅ አለችና፣ አስቴር ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ሄራሞ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ አሉ። ቀሚሶቹን ሰፍተው ለየባለቤቶቻቸው ሲመልሱ ግን እያንዳንዷን ልጅ ግንባሯን ሳሟት፤ ዘይነባን ሁለት ጊዜ።

የመልሱ ጨዋታ ቀን ደረሰ። አሰለፍኳቸው። ቀይ ማልያ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፤ ቀይ ማልያ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቀይ ማልያና ጉልበት ላይ የደረሰ፣ ስፌቱ የተስተካከለ፣ አዲስ ሰማያዊ ቁምጣ። አስቴር ናት። ፊቷ እንደ መስቀል አበባ ፈክቷል።

«አባቴ ሰፋልኝ፣ ጋሼ! ‹ጓደኞችሽ ላንቺ ብለው ከወደቁ እኔም ከአቋሜ ትንሽ ልታጠፍ› አለኝ።»

ቀና ስል አቶ ሄራሞ አጥሩ ሥር ቆመዋል። የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገታቸው አልወረደም፤ ሥራ አቋርጠው መምጣታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ከወዲያ ማዶ ጓድ ሽፈራው መመሪያውን በልቡ ይዞ ወንበሩ ላይ ተንፈላሷል። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። ከልማዳቸው ያን ያህል ርቀው የመጡ አባት ዓይናቸው እያየ ልጃቸውን «ቀሚስሽን ልበሺ» ብዬ ልመልስ? ደንቡ ይላል፤ መመሪያው ይላል። ምላሴ ግን እንቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ» አለች ዘይነባ።

«ሦስት ይበቃችኋል» አልኳት።

ሰባት ሰማያዊ ቁምጣ ሆነው ተመለሱ። ጓድ ሽፈራው ከወንበሩ ተነሳ፤ «ጓድ ዳኛ፣ መመሪያውስ?» አለ። በእጄ ሰልፉን አሳየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አያቸው። አጥሩ ሥር የቆሙትን ሰውዬ አየ፤ የለበሰውን ካኪ የሰፉለት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መተርጎም አልችልም። አገጩን አሻሸና «ሁሉም ከሆኑማ…» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

እፎይ ብዬ ኳሱን አንስቼ ዞር ስል የሳሪስ ቡድን ተሰልፎ ይጠብቀኛል። እነሱ በመመሪያው መሠረት፣ በእኔው በራሴ አስፈጻሚነት፣ ሁሉም ቀሚስ ለብሰዋል። አሠልጣኛቸው አንዴ የእኛዎቹን ቁምጣ፣ አንዴ የልጆቹን ቀሚስ፣ አንዴ እኔን አየና ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ፣ «ጓድ ዳኛ፣ በእግዚአብሔር! ለሚቀጥለው ጨዋታ ምን ለብሰን እንምጣ?» አለኝ።

«እኔን አትጠይቀኝ፤ አጥሩ ሥር የቆሙትን ልብስ ሰፊ ጠይቃቸው። እኔ የማውቀው ጥፍር ነው» አልኩትና ፊሽካዬን ነፋሁ።