ላሟ የመራችው ስፖርት

የተጻፈ ነገር ሁሉ የተሠራ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ብርሃን ሳስተምር አለቃዬ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። ርዕሰ መምህራችን የተማሪዎች ጤና ፖሊሲ ሲደርሳቸው በላስቲክ አስለብጠው የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጥር ላይ ሰቀሉት። «ተማሪ ሁሉ በየቀኑ ይሩጥ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእጃቸው «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ብለው ጻፉበት። ምን ያድርጉ? ሜዳው ታጭዶ ለሚሸጥ ድርቆሽ ሣር ተከልሏላ!

ስለዚህ ስፖርት ክፍል ውስጥ ሆነ። በዚያ ብርድ ልጆቹ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ የሩጫን ጥቅም ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ፈተናውን ያላለፈ የለም፤ ላብ የወጣውም የለም።

አንድ ጠዋት የጎረቤት ላም አጥሩን ጥሳ ገባች። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ ብቅ ብለው «ልጆች፣ ሩጡ! አስወጧት!» ብለው ጮኹ። ተማሪው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ላሟ ስፖርት የተማረች ይመስል ሜዳውን ሦስቴ አዞረቻቸው። የልጆቹ ሳቅ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ተጻፈ፤ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴው በድምቀት ተካሂዷል።» አጥሩም እሾህ ተጨመረበት።

በማግስቱ የሩጫን ጥቅም ሳስገለብጥ አንዷ ተማሪዬ በብርድ የደረቀ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ላሟ ዛሬ አትመጣም?»