ለዓሣ የሚያለቅሰው ሰውዬ

እንስሳ የሚወድ ሰው ክፉ አይሆንም ያላችሁ ማነው? እኔ እዚሁ ወረታ ከተማ አንዱን አውቃለሁ። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ጨዋማ ውኃ ሞልቶ፣ ጎቢ የሚባል ዓሣና ሽሪምፕ የምትባል አንዲት ባለ ረጅም ጺም ትንሽ የባሕር ፍጥረት ያኖራል።

«ሽሪምፗ ዓይኗ አያይም ማለት ይቻላል» ይለኛል፤ «እሷ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ጎቢው ደጅ ይጠብቃል። ጺሟን ከላዩ አታነሣም። አደጋ ሲመጣ ጭራውን ይወዘውዝላታል፤ ጥልቅ ትላለች።» ይህን ሲል እንባው ይመጣል። እኔም ደግ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።

ክረምት ላይ ጎርፉ ከከተማው ወጣ ያለውን የቁሐር ሚካኤልን መንደር ሲያጥለቀልቅ ሮጬ ሰውዬው ቤት ሄድኩ።

«ዓይነ ስውሩ አጎትህ፣ መሪጌታ፣ እዚያ ብቻቸውን ናቸው። ተነሥ እንሂድ!»

«መብራት ጠፍቶ የሣጥኑ አየር መንፊያ ቆሟል፤ ለዓሣው በእጄ አየር እየነፋሁለት ነው። እሳቸውን ጎረቤት ያወጣቸዋል።»

ውኃው ሲጎድል መሪጌታን አገኘናቸው። እጃቸው የበሩን መቃን እንደያዘ ነበር።

ቀብሩ ላይ ከሁላችን አብልጦ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እግዜር ይመስገን፣ ዓሣውም ሽሪምፗም ተርፈዋል» አለኝ።