በዚህ ሳምንት ማን ይታያል

አሁን አሁን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ወሬው ሁሉ ሲኒማ ነው። የትኛው ቤት ምን እንደሚያሳይ፣ የትኛው እንደሚያስቅ፣ የትኛው እንደሚያስለቅስ ይነግራችኋል። «በዚህ ሳምንት ምን ይታያል?» ብሎ መጠየቅ የሠለጠነ ሰው ምልክት ሆኗል። ደግ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ስሰማ አሁንም ወደ ኋላዬ ዞሬ አያለሁ። ደብረ ማርቆስ በጣሊያን እጅ ሳለች እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነበር፤ «በዚህ ሳምንት ማን ይታያል?» እንል ነበር። በዚያን ዘመን መታየት ደግ ነገር አልነበረም። እናንተም ብትሆኑ አንገታችሁን ቀብራችሁ ነበር የምትሄዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋው፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ጣሊያን ባለ ሦስት እግር የሲኒማ ማንሻ መኪና ተክሎ ገበያውን ሲያነሣ ዋለ። እኔና ባለቤቴ ጥሩዓለም ልጃችንን ይዘን እህል ልንሸምት ወጥተን ነበር። ልጃችን አትጠገብ ትባል ነበር፤ ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። ያን ቀን የጥሩዓለም ወንድም ደምስ ከይጁቤ በኩል ካለው ጫካ ወርዶ፣ እንደ ነጋዴ ጋቢ ተከናንቦ አጠገባችን ቆመ። ደምስ አርበኛ ነው። የወረደው የእኅቱን ልጅ ሊያይ ነው። ከእናቷ ጀርባ አንሥቶ ሳማትና ተመልሶ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ አትጠገብን ትኩሳት ወሰዳት። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ሐዘን ላይ ሳለን የጣሊያኑ ሹም አስጠርቶ ስለ ደምስ ጠየቀኝ። ጫካ ከገባ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም ብዬ ማልሁ። አመነኝ፤ ወይም ያመነኝ መሰለ።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቅዳሜ አዋጅ ነጋሪው ዞረ። በዚህ ሳምንት በእህል መጋዘኑ ውስጥ የደብረ ማርቆስ ገበያ በሲኒማ ይታያል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ይምጣ፤ የቀረ ይጠየቃል። እናንተ ለሲኒማ ስትጋፉ ከበር ትመለሳላችሁ። እኛ ከበር የሚመልሰን አጥተን ነው የገባን።

ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። መኪናው ያነሣው ሁሉ ከታየ ደምስም ይታያል። ከባንዳዎቹ መካከል ደግሞ መልኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ። አጠገቡ ቆሜ የምታየውም እኔው ነኝ፤ አላየሁትም ብዬ የማልሁት። በገበያው ዳር የቆመውን መስቀያ በየቀኑ አልፌው ነው ወደ ቤቴ የምገባው። ለጥሩዓለም፣ ታመምን እንበል፣ አለዚያም ሉማሜ ዘመድ ጋ እንሂድ አልኋት።

«እሷም አለችበት?» አለች።

«አለች መሰለኝ። ደምስም አለ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። እሷን ልይና ይስቀሉኝ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን።

የመጋዘኑ መስኮቶች በጆንያ ተደፍነዋል። ሰው መሬት ላይ ተደርድሯል፤ ነጩ ጨርቅ ከፊት፣ የሲኒማው መኪና ከኋላ ነው። ሹሙ ከመኪናው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ባንዳዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። አያ ካሴ የሚባሉ ረጅም ጎረቤታችን ከጎኔ ነበሩ። ጨርቁን አማተቡበትና፣ ጥላችንን ሰርቀው ነው ወይ መልሰው የሚያሳዩን ብለው ጠየቁኝ። እኔ ባንዳዎቹን እየቆጠርሁ ነበር።

ብርሃኑ በራ። በሬው መጣ፣ በርበሬ ነጋዴው መጣ፤ ሰው ራሱን እያየ ሳቀ። ከዚያ ጥሩዓለም ጨርቁ ላይ ብቅ አለች። ከጀርባዋ አትጠገብ ዘወር ብላ ወደ እኛ አየች። ሳቀች። ሲኒማው ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ወዲያው ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት እጆች ወደ እሷ ተዘረጉ። የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ፊቱ ነው።

«አትጠገብ!» ብላ ጥሩዓለም ጮኸች።

በእኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት እንዲህ ስትጮኽ ተቀምጦ የሚሰማ የለም። አያ ካሴ ተነሡ፤ ቀጥሎ መጋዘኑ በሙሉ ተነሣ። ሴቶቹ «አትጠገብ፣ አትጠገብ» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ጨርቁ ላይ የቀረው የሰው ራስ ጥላ ብቻ ሆነ። ደምስ መጣ፣ ልጄን ሳመ፣ ሄደ። ማንም አላየውም። እኔም አላየሁትም።

ሹሙ ብድግ ብሎ ምን ሆኑ ሲል አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ የሞተች ሕፃን ስም ከየት ያውቃል። ጥቂት አሰበና በጣሊያንኛ መለሰለት። ሹሙ ፈገግ አለ። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞረ።

«ሲኒማዋ አትጠገብም ማለታችሁን ለጌታው ነግሬያለሁ። በክብር መነሣታችሁም ደስ አሰኝቷቸዋል። ስለዚህ በሚመጣው እሑድም ይኸችው ትታያለች።»

ለቅሷችን ጭብጨባ ሆኖ ተተረጎመ። እኔም ከአንዱ እሑድ ሳልወጣ ሌላው እሑድ ተደገሰልኝ። የሰው እንባ ቢደርቅስ? ለአንዴ ተነሥተናል ብለው ቢቀመጡስ? ተነሡልኝ ብዬ እንዳልለምን፣ የማምነውን ከማላምነው የምለይበት መላ አልነበረኝም። ለማንም ሳልነግር ሳምንቱ አለቀ። ጥሩዓለም ግን ቀሚሷን አጠበች።

እሑድ ስንገባ የሰፈራችን ረጃጅም ሰዎች ሁሉ ልክ ከመኪናው ፊት፣ መካከሉ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ካሴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን።

«ልጄ፣ እጁን እኛም አይተናል» አሉኝ በጆሮዬ።

በሬው መጣ፣ በርበሬ ነጋዴው መጣ። አትጠገብ ዘወር አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሳቋን አስጨርሰው ተነሡ።