ጋሽ ገናነው እና የእኔ ቢጫ ወፍ

“ገና ነው” የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ነገውኑ ዕቃዬን ሸክፌ እገባበታለሁ። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻይ ቀድታችሁ ልትጠጡ ስትሉ “ገና ነው፣ ይብረድ” ይላል። ግድግዳ ቀብታችሁ ወንበሩን ልታስጠጉ ስትሉ በጣቱ ነካ ያደርግና “ገና ነው” ይላል። አውቶቡስ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲጋፋ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ “ገና ነው፣ ከኋላ ባዶ ይመጣል” ይላል። በጣም የሚያናድደው ደግሞ፣ ባዶው ይመጣል።

የእኛ ሰፈር ገና ነው ባይ ክቡር ጋሽ ገናነው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣንላቸው እኛ የወፍ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር አባላት ነን። በሙያቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከበሯ እምብዛም በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር ሰክተው፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ ነገር በወረንጦ ሲያነሡና ሲጥሉ ይውላሉ። “ሰዓቴ ደረሰልኝ?” ብሎ ለጠየቃቸው የሚመልሱትን መቼም መናገር አያስፈልገኝም። አንድ ጎረቤታችን ሰዓቱን ሲሰጣቸው ወንደላጤ ነበር፤ ሲረከብ የበኩር ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው። ሰዓቱ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ደቂቃ አላጓደለም።

ማኅበራችን ዘጠኝ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ከከተማው ዳር ያለው ግድብ እንወርዳለን። ጋሽ ገናነው በፊልም የሚሠራ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጡና ሸንበቆው አጠገብ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ወፍ ትመጣለች። ውኃ ትጠጣለች፣ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ላባዋን ታበጥራለች። እሳቸው ካሜራውን አይነኩትም።

“ይቺት! ጋሼ፣ ያንሷት እንጂ!” እላለሁ በሹክሹክታ።

“ገና ነው፤ ፊቷን አላዞረችም።”

ፊቷን ታዞራለች።

“ገና ነው፤ ብርሃኑ አልደረሰም።”

ብርሃኑ ሲደርስ ወፏ የለችም። እኔ በንዴት ሸንበቆ ስነጭ፣ እሳቸው “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብለው ከፔርሙሳቸው ሻይ ይቀዳሉ። ማን ቸኮለ? ማን አፈሰሰ? በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ካሜራ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ የሚል አባል የለም። በየዓመቱ በምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ለክቡርነታቸው የተመደበው ምስማር ባዶውን ከርሞ ባዶውን ይነቀላል።

እኔን ደግሞ ተዉኝ። መተዳደሪያዬ ፎቶ ቤት ነው፤ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ የዚህን ከተማ ሕዝብ ግማሹን ከደረቱ በላይ አውቄዋለሁ። “አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ አይሳቁ” ስል ዳኛም ሆነ ነጋዴ ቀጥ ብሎ ይቀመጥልኛል። ወፍ ግን ጉርድ ፎቶ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ አትፈራኝም። በአንድ እሑድ አራት መቶ ጊዜ እጫናለሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ጭራ አለ፣ ግማሽ ክንፍ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቅርንጫፍ አለ፤ ወፏ አሁን የተነሣችበት፣ ገና ሲወዛወዝ የተያዘ ቅርንጫፍ። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ለሰው ስታስተዋውቀኝ “ባሌ የቅርንጫፍ ፎቶ አንሺ ነው” ትላለች። እሑድ በር ስትከፍትልኝ “ዛሬስ?” ትለኛለች። “ወፍ የለም” እላታለሁ። እንደዚህ እየተባባልን ሦስት ዓመት ኖርን።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። ለካስ ስትቀልድብኝ የኖረችው ሴትዮ በሆዷ ሌላ ነገር ይዛ ኖሯል። ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ “ለክፍላችን ነርሶች በሙሉ ነግሬያለሁ” አለችኝ። “አሥራ አንድ ናቸው። የባሌ ሥራ ይሰቀላል፣ ኑ እዩ ብያቸዋለሁ።”

“ይሰቀላል ብሎ ማን ነገረሽ?”

“ሦስት ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ስትዳክር ከርመህ አንዲት ወፍ ትጠፋለች?”

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ኩራት ነው። ፌዟን ለምጄዋለሁ፤ ኩራቷ ግን አስፈራኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት እኔም እንደ ጋሽ ገናነው ባዶ ምስማር ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን አሥራ አንድ ነርስ አልተጠራብኝም።

ሰው ሲጨንቀው የማይገባበት የለም፤ እኔ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ መስኮቱ ሥር በሽቦ ቤት ውስጥ የሚያኖራት አንዲት ትንሽ ቢጫ ወፍ አለችው። አየኋት። አየችኝ። አልበረረችም፤ ወዴት ትብረር? “አገጭ ቀና” አልኳት በሆዴ። ቀና አለች! በሦስት ዓመት ውስጥ የታዘዘችልኝ የመጀመሪያዋ ወፍ እሷ ናት።

ሽቦ ለማጥፋት ዘዴ አለው። ሌንሱን ሽቦው ላይ ሊለጠፍ ምንም እስኪቀረው ድረስ አስጠግቶ፣ የብርሃን ማስገቢያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ ሽቦው እንደ ጉም ይተናል። ከኋላዋ የቤታችንን የአበባ ማሰሮ አስቀመጥኩና ጫካ ሆነልኝ። ችግሩ አስተካካዩ ነው። “ወንድሜ፣ ወንበር የያዘ ይስተካከላል” የሚል ሰው ነው፣ ወሬ አያውቅም። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተስተካከልኩ። በሦስተኛው “ወንድሜ፣ አሁን ምኑን ልቁረጠው?” አለኝ።

ፎቶዋ ግን ወጣች፤ እንዴት ያለች ፎቶ! ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኮምፒውተር ላይ አጸዳዳኋት፤ ለጉርድ ፎቶ ደንበኞቼ ሁሉ እንደማደርገው፣ ዓይኗ ውስጥ ያለችውን ብርሃንም ትንሽ አጎላሁት። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ይህን የሚያደርገው ሳያስፈቅደኝ ነው። ከሥሯም “ቢጫ ወፍ በማለዳ፣ ግድቡ አካባቢ” ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ማኅበራችን ሕግ አለው፤ የሚሰቀለው በነፃነት ያለ ወፍ ብቻ ነው። አንዱ አባል ከእንስሳት ማቆያ ሰጎን አንሥቶ በመጣ ጊዜ “ይህ ማጭበርበር ነው!” ብሎ ጠረጴዛ መትቶ ሕጉን ያረቀቀ አንድ ሰው ነበር። ሰውየው እኔ ነኝ።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ነው፤ ማክሰኞ የሚሰቀሉትን ፎቶዎች ለመምረጥ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የጀርባ ክፍል ተሰበሰብን። የእኔ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ባለሰጎኑ ሳይቀር አጨበጨበ። ፎቶዋ ከእጅ እጅ ዞራ ጋሽ ገናነው ዘንድ ደረሰች። ክቡርነታቸው ከደረት ኪሳቸው ያችን የሰዓት ማጉያ አወጡ። ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ጎንበስ አሉ። አንድ ሰዓት ተፈትቶ ሊገጠም የሚችልበት ጊዜ አለፈ፤ ላቤ በተላጨው ማጅራቴ ያለ ከልካይ ወረደ። በመጨረሻ ቀና ብለው መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ራሴ ቆዳ አዩና “መልካም” አሉ።

“ገና ነው” አላሉም። ሰው ሁሉ ጉድ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ፎቶ ቤቴ መጡ። ለመታወቂያ ማደሻ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መብራቱን አስተካከልኩ።

“አገጭ ቀና፣ ጋሼ። አይሳቁ።”

ልጫን ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገምኩ፣ ጨፈኑ። በሦስተኛው ካሜራው ውስጥ እያየኋቸው ሳለ፣ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

“ዓይኗ ውስጥ መስኮት አለ” አሉ።

“የ... የማን ዓይን ውስጥ?”

“የወፏ። መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ ሽቦ አለ። ከሽቦው ጀርባ ደግሞ፣ መላጣ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰውዬ ካሜራ ይዞ ይታያል። እኔም እዚያው ቤት ነው የምስተካከለው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እኔው ሽቦዋን አጥፍቼ፣ እኔው ብርሃን አጉልቼ ራሴን ወፏ ዓይን ውስጥ ለጥፌያለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔን ግን ያጠራሁት ራሴ ነኝ።

“ታዲያ ማክሰኞ ለምን ዝም አሉ?”

“ሰዓት ሰው ተሰብስቦ እያየ አይከፈትም፣ ልጄ። ትንፋሽ ይገባበታል።”

“ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰው ጠርታለች፣ ጋሼ።”

“ሰማሁ።”

“ምን ይሻለኛል?”

“እሱን አንተ ታውቃለህ” አሉና ኮሌታቸውን አስተካከሉ። “ቅዳሜ ገና ነው። በል አንሣኝ።”

ደጋግሜ አነሣኋቸው፤ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ፀጉር ቤቱን፣ ማሰሮውን፣ የወፏን ዓይን። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

“ሦስት ጊዜ የተስተካከልከው ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

“እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር!” አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። “ምን ብዬ ልንገራቸው አሁን?”

“ወፍ የለም በያቸው።”

ይህ ቀልድ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳቃትም። ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ በእውነት አፈርኩ፤ ሦስት ዓመት ያመነችኝን ሰው በሁለት ሳምንት ነው ያታለልኳት። ስትወጣ ግን ዓይኗን ጠራርጋ፣ “ይመጣሉ። ባዶ ምስማርም ቢሆን ያያሉ። አንተም እዚያው አጠገቡ ትቆማለህ” አለችኝ። በማግስቱ ኤግዚቢሽኑ ቦታ ሄጄ ተሰቅላ የነበረችውን ፎቶዬን አወረድኩ፤ ለማኅበሩም እውነቱን ተናገርኩ። ባለሰጎኑ የተናገረውን ለመጻፍ ጨዋነቴ አይፈቅድልኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ነርሶቹ ተኳኩለው ከባለቤቴ ኋላ ተሰልፈው ገቡ። እኔ እንደታዘዝኩት ባዶው ምስማሬ አጠገብ ቆሜያለሁ። እነሱ ግን አልፈውኝ ሄዱ። በስተቀኝ፣ የጋሽ ገናነው ምስማር ሥር ሰው ግጥም ብሎ ይስቃል። የጋሽ ገናነው ምስማር! ተጋፍቼ ገባሁ።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ግድቡ ነው፣ ሸንበቆው ነው። ጭቃው ውስጥ አንድ ሰው በሆዱ ተኝቷል፤ መቀመጫው ወደ ሰማይ፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ፣ ካሜራው ባዶ ቁጥቋጦ ላይ። ኮፍያው አናት ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች። ፊቷን አዙራለች። ብርሃኑ ደርሷል። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈት፣ “በነፃነት ያለች ወፍ፣ ከነማረፊያዋ” ይላል።

እንደዚያ ያለ የወፍ ፎቶ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሙያዬ ነውና ልመስክር፤ ላባዋ፣ ዓይኗ፣ የጠዋቱ ጭጋግ፣ ምኑም አይነቀፍም። የሚነቀፈው ማረፊያዋ ብቻ ነው።

“የታችኛው የእኔ ነው!” አለች ባለቤቴ፣ ለአሥራ አንዱም እንዲሰማ። ያው ኩራት ፊቷ ላይ ተመለሰ፤ ይኸኛው ግን አላስፈራኝም።

ጋሽ ገናነውን ጥግ ላይ ሻይ ሲያቀዘቅዙ አገኘኋቸው።

“መቼ ነው ያነሡኝ?”

“መጀመሪያ የመጣህ እሑድ።”

“ካሜራው ሲጮህ እንኳ አልሰማሁም!”

“አንተ መች ሰማህ፤ የራስህ ሲንጣጣ።”

“ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አላሳዩኝም?”

“ገና ነበራ” አሉ፤ ሻዩንም ፉት አሉት።

ይኸው እንግዲህ ሰውዬው። እሑድ ስንገናኝ ዛሬም ያናድዱኛል። እኔም አራት መቶውን ወደ አርባ አውርጃለሁ፤ ቅርንጫፎቼ ግን እንዳሉ ናቸው። ጉርድ ፎቷቸውን እስካሁን አልተረከቡም። ሐሙስ ሐሙስ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ወፍ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸውም አንዳንዴ፣ ያወሩኛል። ሲነሡ “ደረሰልኝ?” ይሉኛል።

“ገና ነው፣ ጋሼ። ዓይንዎን ጨፍነዋል።”

እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ፎቶው የዚያኑ የመጀመሪያ ሐሙስ ወጥቷል፤ አገጭ ቀና፣ ዓይን ክፍት። ስድስቱም ቅጂ ተቆርጦ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። መታወቂያቸው የሚታደሰው ከሦስት ወር በኋላ መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እስከዚያ ድረስ ሐሙስ እንዳይቀርብኝ ነው።