ቀብቼ ያዳንኳት ብረት

እኛ ቡሬዎች ጎዶሎ ነገር ስናይ እጃችን ዝም አይልም። ያዘመመ አጥር እናቃናለን፣ የለቀቀ ቀለም እንቀባለን። ባለቤቱን «ለምን እንዲህ ተውከው?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ይመስለናል። በተለይ እንደኔ የመስኖ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ኧረ ማንን ይጠይቃል?

አጎቴ ጋሼ ፈንታሁን ከሽንዲ ቁልቁል፣ ዓባይ ላይ ሰው የሚያሻግሩባት ባለ ሞተር ጀልባ አለቻቸው። አምና ሞተሩን ነቅለው፣ እስቲ እየው ብለው አመጡልኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከግርጌው በብሎን የታሰረች፣ እፍኝ የማትሞላ ግራጫ ብረት ግን ግማሿ ተበልቷል። አሳዘነችኝ። ፈታኋት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት፣ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ ቀብቼ መለስኳት። ጋሼም መርቀውኝ ሄዱ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል፣ ስለ ሌላ ሰው የተተረተ ነበር የሚመስለኝ።

በዓመቱ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ገበያተኛ ጭነው ወንዙ መሐል ሳሉ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቆመና፣ በመቅዘፊያ ታግለው በስንት መከራ ዳር ደረሱ። «ሰው ባስፈጅ ኖሮ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?» አሉኝ። ስፈታው የካምቢዮው ዘይት ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል፤ የሞተሩ አካል ነቀዝ እንደፈጀው ባቄላ ተበሳስቷል። ብረቷስ? ጭረት እንኳ የላትም!

ባሕር ዳር ላለ የጀልባ መካኒክ ደወልኩ። ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ፤ ለካ ብረቷ የተሠራችው ልትበላ ነው። ውሃው እሷን እየበላ ሞተሩን ይተዋል፣ ግማሿ ሲያልቅም በአዲስ ትለወጣለች። ቀለም የቀቧት እንደሆነ ግን ውሃው ፊቱን ወደ ሞተሩ ያዞራል። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ውለታ ለጠላትም አይዋልም። ቀዳዳውን በብየዳ አስደፍኜ፣ አዲስ ብረት ያለ ቀለም አሰርኩና ለጋሼ እውነቱን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በየወሩ ቆላ ወርጄ እኔው አያታለሁ ብዬም ቃል ገባሁ። አልተቆጡም። ቃሌን ግን ሳያቅማሙ ተቀበሉ።

ይኸው አምስት ወር ያንን ገደል በእግሬ እወርዳለሁ፣ ብረቷን አያለሁ፣ እያለከለክሁ እወጣለሁ። ጋሼ ያለ ስጋት ሲያሻግሩ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ልዋሽ አልችልም። ባለፈው ወር ቦርጬ ጠፍቶ፣ ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ ብደርስ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለተሳፋሪዎቻቸው አስተዋወቁኝ፦

«ሞተሬን ከመበላት የሚያድኑልኝ ሁለት ናቸው። አንዷ ከታች ታስራለች። ሁለተኛው ይኸ ነው፤ እሱም ግማሽ ደርሷል፣ ልንለውጠው ነው።»