እንኳን ደስ አለዎት የሚለው ማስታወቂያ

ቬጋስ ሰው ሳይጠራ የማያድር ከተማ ነው። መብራቱ ግቡ ይላል፤ ፎቁ ላይ ያለው ስክሪን ብሉ፣ ጠጡ፣ ዕድላችሁን ሞክሩ ይላል። በወረርሽኙ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ዝም ያለ መስሏችሁ ነበር? ጥሪው ወደ ስልካችን ገባ እንጂ። አንድ ዜና ለማንበብ ሦስት ማስታወቂያ መዝጋት የግድ ሆነ፤ የመዝጊያዋ ምልክት ደግሞ የጤፍ ፍሬ ታክላለች።

እኔ መጠራት አልወድም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ፣ መልሱን እያወቅሁ፣ የምደነግጥ ዓይነት ነበርኩ። ስለዚህ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ የሚቀበል የስልክ ብሮውዘር (ብዙዎቹ አይቀበሉም) ፈልጌ ማስታወቂያ ማገጃ ጫንኩበት። ገጹ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ለጥቂት ቀን።

ኢንተርፕራይዝ በሚባለው የቬጋስ ሰፈር አንድ ክፍል ያከራዩኝ እትዬ የሺ የሆቴል ክፍል ያጸዱ ነበር፤ ሆቴሉ ሲዘጋ "እንጠራችኋለን" ተብለው ቤት ቀሩ። እኔም የምሠራው ከቤት ስለሆነ በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምክንያታቸውም ማስታወቂያ ነው። "ዶክተር፣ እስቲ ይቺን አባሪልኝ" ይሉኛል። ዶክተር ያሰኘኝ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ነው፤ አላረምኳቸውም። አንድ ቀን በጎ የሠራሁ መስሎኝ ማገጃውን ለሳቸውም ጫንኩላቸው።

ሳምንት ሙሉ በሬ አልተንኳኳም። ኮቴያቸው በኮሪደሩ ሲያልፍ እሰማለሁ። ይኸውላችሁ፣ በገዛ እጄ እትዬ የሺን ብሎክ አደረግኋቸው።

በስምንተኛው ቀን ተቆጥተው መጡ። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል" የሚለው የት ገባ? ማጭበርበሪያ ነው አልኳቸው።

"ዲቪ ሲደርሰኝም የእህቴ ልጅ ማጭበርበሪያ ነው፣ ዝጊው ብሎኝ ነበር" አሉ። "ዘግቼው ቢሆን ዛሬ የት ነበርኩ? ሆቴሉ ሲጠራኝስ፣ ይሄ የጫንሽው ነገር ቢደብቅብኝ?"

መልሱ አጭር ነበር፤ ሆቴሉ ስልክ ይደውላል፣ ማገጃው ደግሞ የስልክ ጥሪ አይነካም። ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ዋጥኩት።

"እውነትዎን ነው" አልኩ። "ስልክዎን በየጠዋቱ ያምጡልኝና አብረን ቼክ እናድርግ።"

በየጠዋቱ አመጡልኝ። እኔ ምንም የሌለበትን ስበረብር እሳቸው አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ስለ ሆቴሉ እንግዶች ያወሩኛል። አልጋውን ራሱ አንጥፎ የሚሄድ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ምን አጥፍቼ ነው ብለው ለአለቃቸው ሊያመለክቱ ምንም አልቀራቸውም።

አንድ ጠዋት ስልካቸው እጄ ላይ እያለ ጮኸ። ሆቴሉ ነበር። አነጋግረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ማገጃሽ ይሄን አላገደውም" አሉ።

"አዎ።"

"ታውቂ ነበር?"

መልሴን ሳይጠብቁ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ዩኒፎርማቸውን ሊተኩሱ ሄዱ።

አሁን የጠዋት ሺፍት ይገባሉ። ቤቱ ጸጥ፣ ገጹም ጸጥ። ትናንት ማገጃዬን አጠፋሁት። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል" አለኝ ስልኬ። አልነካሁትም፤ ማጭበርበሪያ መሆኑ መቼ ይጠፋኛል?

ግን አልዘጋሁትም።