የጋራው ጣሳ የተነሳበት ቀን

ኢቫር ወሬውን የሰማው የአደባባዩን የውሃ ፓምፕ እጀታ ቅባት እየቀባ ሳለ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ላይማን ሱቁን ክፍት ትቶ፣ ጋዜጣ በእጁ ይዞ መጣና የካንሳስ መንግሥት የጋራ መጠጫን በሕግ እንደከለከለ ነገረው። ከእንግዲህ በአደባባይ ሁለት ሰው ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጣም። ይህን የምታስከብር የመንግሥት የጤና ተቆጣጣሪ በቀትሩ ባቡር ትመጣለች፤ ሰው በጋራ መጠጫ ሲጠጣ ካገኘች የፓምፑን እጀታ ነቅላ ይዛው ትሄዳለች።

ኢቫር እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሚስቱ በርታ ከሞተች ወዲህ ቀኑን የሚገፋው እዚሁ ፓምፕ ሥር ነው። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ቆም ብሎ ያናግረዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያናግረው የለም። ስለዚህ ከፓምፑ ጋር በሰንሰለት ታስሮ የኖረውን አሮጌ የጋራ ጣሳ ሳያንገራግር ፈታው። ክርክሩ የተነሳው ጣሳው እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ኢቫር፦ (ጣሳውን እያገላበጠ) ምንም የለበትም እኮ።

ላይማን፦ አይታይም አልኩህ። ጀርም በዓይን አይታይም።

ኢቫር፦ ካልታየ ብዙ መሆኑን በምን አወቅህ?

ላይማን፦ የተማሩ ሰዎች ቆጥረውት ነዋ። በዚህ ጣሳ አፍ ላይ የከተማው ሰው ጀርም ሁሉ ተደርድሮ ተቀምጧል። የአንተም፣ የእኔም፣ የቄሶቹም።

ኢቫር፦ የሁለቱም ቄሶች?

ላይማን፦ የሜቶዲስቱም የሉተራኑም።

ኢቫር፦ አብረው ነው የተቀመጡት?

ላይማን፦ ጎን ለጎን።

ኢቫር፦ እንግዲያው ጀርሞቹ ይሻላሉ። ቄሶቹ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንገታቸውን ነው የሚያዞሩት።

ላይማን፦ አንተ ሰው፣ ቁም ነገር እየነገርኩህ ነው።

ኢቫር፦ ፈረሶቹስ? ሁሉም ከአንድ ገንዳ ነው የሚጠጡት።

ላይማን፦ ሕጉ ፈረስን አይመለከትም።

ኢቫር፦ ጀርሞቹ ይህን ያውቃሉ?

(ላይማን ጋዜጣውን ገለጠ። ስለ ፈረስ የተጻፈ ነገር አላገኘም።)

ላይማን፦ ፈረሱን ተወው። ሰው ሁሉ የየራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ ነው ነገሩ። አንተም ሂድና የራስህን አምጣ።

ኢቫር፦ ቤት ሁለት ኩባያ ተሰቅሏል። አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው የእኔ እንደሆነ የምታውቀው በርታ ነበረች።

(ላይማን ጋዜጣውን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።)

ላይማን፦ በል እንግዲያው፣ ለጊዜው በእፍኝህ ጠጣ።

ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ክብ ብረት አወጣ። ሲጫኑት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ሲስቡት ኩባያ። ከቺካጎ በፖስታ ያስመጣው ነው። የዕለቱ ሙቀት ግን የሚቻል አልነበረም፤ ሰው እየተከታተለ መጣ፣ ኩባያ የያዘ አልነበረም። መጀመሪያ አንጥረኛው ደረሰ። ላይማን ስለ ጀርም ብዙ አስተማረው፤ አንጥረኛው ምራቁ እስኪደርቅ ሰማ፤ ሲያበቃ ላይማን በገዛ ኩባያው ውሃ ሰጠው። ቀጥላ አስተማሪዋ መጣች፤ እሷም ተምራ ጠጣች። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ ከዚያ የሜቶዲስቱ ቄስ። ቄሱ ትምህርቱ ደስ ስላላቸው ዞረው መጥተው እንደገና ተማሩ፣ እንደገናም ጠጡ። ኢቫር እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ውሃውን ይስባል።

ኢቫር፦ ላይማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ላይማን፦ ጠይቅ። የቆምኩት ለዚህ ነው።

ኢቫር፦ ከአንተ ኩባያ ሰው ሁሉ እየጠጣ ነው።

ላይማን፦ እየጠጣ ነው።

ኢቫር፦ ታዲያ ይሄ የጋራ አልሆነም?

ላይማን፦ (በትዕግሥት) ስማኝ። የጋራ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት ነው። ይሄ ባለቤት አለው። የሚጠጡት በፈቃዴ ነው።

ኢቫር፦ የእኔ ጣሳ ጀርም የያዘው ባለቤት ስላጣ ነው?

ላይማን፦ አሁን ገባህ።

ኢቫር፦ ትናንት በስጦታ ሰጥቼህ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበራ።

ላይማን፦ ምን ይደረግ፣ ዘገየህ።

ባቡሩ አፏጨ። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ቱትል የተባሉት ተቆጣጣሪ በአቧራው መንገድ በእግራቸው ደረሱ። ከቦርሳቸው አፍ የቧንቧ መፍቻ ብቅ ብሏል። ኢቫር መፍቻውን ሲያይ ቀስ ብሎ እጀታው ፊት ቆመ።

ወይዘሮ ቱትል፦ የፓምፑ ጠባቂ ማን ነው?

ላይማን፦ እሱ ነው እሜቴ፣ ግን ነገር ቶሎ አይገባውም። እኔን ይጠይቁኝ።

ወይዘሮ ቱትል፦ የጋራ ጣሳ አላችሁ?

ላይማን፦ ጠዋት አስነስቼዋለሁ።

ወይዘሮ ቱትል፦ የራሱን ያልያዘ ሰው ታዲያ በምን ይጠጣል?

ላይማን፦ (ኩባያውን ከፍ አድርጎ) በዚህ።

ወይዘሮ ቱትል፦ ማን ማን ጠጣበት?

ላይማን፦ ድሃ ሀብታም ሳልል ሁሉንም አጠጥቻለሁ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ እንኳ ሳሉን ስሎ እስኪጨርስ ጠብቄው ነው። ለእርስዎም ይቀዳልዎት፤ መንገዱ አቧራ ነው።

(ወይዘሮ ቱትል ኩባያውን በመሐረብ ተቀበሉት። አልጠጡበትም። ተጭነው አጠፉትና ቦርሳቸው ከተቱት። ከዚያ መፍቻውን አወጡ።)

ኢቫር፦ እሜቴ፣ እጀታውን ከወሰዱት እዚህ ቆሞ የሚያወራ ሰው አይኖርም።

ወይዘሮ ቱትል፦ እርስዎስ በዚያ ኩባያ ጠጥተዋል?

ኢቫር፦ አልጠጣሁም።

ወይዘሮ ቱትል፦ ለምን?

ኢቫር፦ ላይማን ጀርም አለ አለኝ። አመንኩት።

(ወይዘሮ ቱትል መፍቻውን መልሰው ከተቱ። ወደ ላይማን ዞሩ።)

ወይዘሮ ቱትል፦ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?

ላይማን፦ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። የከተማው ጢም በሙሉ የሚላጨው በእኔ እጅ ነው።

ወይዘሮ ቱትል፦ ሳሙና የሚቀቡበት ብሩሽ ስንት አለዎት?

ላይማን፦ (በኩራት) አንድ። የራሴ ነው።

ወይዘሮ ቱትል ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቁ። ላይማን ደስ እያለው ከፊት ከፊት መራቸው።

እጀታው ሳይነቀል ቀረ። ሰው እስከ ዛሬ ፓምፑ ጋ ይቆማል፣ ኢቫርን ያናግረዋል። ኩባያውን የረሳ መንገደኛ በምን ይጠጣ የሚለውን ግን እስካሁን የወሰነ የለም።